በይታያል በር ላይ የቀረው ቀይ ኤክስ

ሞጣ ውስጥ ነጭ ግድግዳ ካያችሁ የስርጉት እጅ አለበት። ሠላሳ ዓመት ኖራ ቀብታ ቅንድቧ ሳይቀር ነጥቷል፤ ስታስነጥስ ሠፈሩ ጉም ይለብሳል። የምትኖረው በቀበሌ ቤት ነው፤ ልጆቿን የወለደችውም ባሏን የሸኘችውም ከዚያው ነው።

ፋሲካ ሲቃረብ የቤቶች ኃላፊው ይታያል መጥቶ አሥራ ሰባቱ የቀበሌ ቤቶች ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ አስደረገ። ከበዓሉ ማግስት ዶዘር ይገባል፣ ቦታው ለሆቴል ተሰጥቷል አለ።

«እኛስ?» አለች ስርጉት።

«አንቺማ የትም ትለጠፊያለሽ። ኖራ ቀቢ አይደለሽ?»

ይህችን ቃል አልዋጠቻትም፤ ጉንጯ ውስጥ እንደያዘቻት ወደ ጎረቤቷ ወደ ቀለም ነጋዴዋ ዘይዳ ሄደች።

«ለበዓል ቤት እንቀባለን፤ ደቦ ጥሪልኝ።»

«ሊፈርስ ላለ ቤት፣ እትዬ ስርጉት?»

«በዓል ነዋ።»

በዚያ ሠፈር ለፋሲካ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ለኢድ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ቤት ኖራ ይቀባል። ስለዚህ ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ አሥራ ሰባቱ ቤቶች ከእርጎ ሲነጡ ምን እየሠራችሁ ነው ያለ የለም። ይታያል ለበዓሉ ቢቸና ዘመዶቹ ዘንድ ሄዷል።

ዘይዳ ግማሽ ጣሳ ቀይ ቀለም ይዛ መጣች። «ይሄስ?»

«አይባክንም» አለች ስርጉት። በይታያል አዲስ የድንጋይ አጥር ላይ አንድ ኤክስ አደረገች፤ ሌላ ደግሞ ለማስታወሻ የበሩ ምሰሶ ላይ።

የዶዘሩ ሾፌር ከባሕር ዳር የመጣ እንግዳ ነው። የያዘው ትእዛዝ ቀይ ምልክት ያለበትን አፍርስ ይላል። ሠፈሩን ሦስቴ ዞሮ ስርጉትን ጠየቃት።

«እማማ፣ ቀይ ምልክት ያለበት የት ነው?»

«እዚያ ነው ልጄ፣ ቀጥ ብለህ ሂድ።»

ተቀምጣ ልታይ ዱካ ወንበሯን ይዛ ተከተለችው። አጥሩ ሲናድ ጩኸቱ መርጡለ ማርያም ያሉ ዶሮዎችን እንቁላል አስጣለ ይባላል። አቧራው ሲረጋ ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ተከምሮ ታየ፤ ለቀበሌ ቤቶች ጥገና መጥቶ ጠፋ የተባለው ቆርቆሮ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። አጣሪዎች መጡ፣ ማፍረሱ ታገደ፣ ቆርቆሮው በስርጉት ጣሪያ ላይ ወጣ። ይታያል ከወንበሩ ወረደ።

በወሩ ቆቡን አውልቆ በሯ ላይ ቆመ።

«እትዬ ስርጉት፣ ያንን ምሰሶ ይቅቡልኝ። ሌላ ቀቢ ሁሉ እምቢ አለኝ።»

«የትም እለጠፋለሁ፤ አንተ በር ላይ ግን አልለጠፍም» አለችው።

ኤክሱ ዛሬም አለ። ስርጉት በየጧቱ በዚያ በኩል ታልፋለች፤ መንገዷ ግን አይደለም።