ከርነሉ የያዘው ስም

ደጅይጥኑ ቂመኛ ነው። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም። ስምንት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ አብሬው ሠርቻለሁ፤ በሱ ቦታ ብሆን እኔ ከዚያ የባሰ አደርግ ነበር።

የቄስ ልጅ ነው። ሰቆጣ ባለው መሥሪያ ቤታችን የገበሬው የመሬት ይዞታ መዝገብ ያለባቸውን ኮምፒውተሮች የሚጠብቀው እሱ ነው። አለቃችን አቶ መንግሥቴ ደግሞ የክርስትና አባቱ ናቸው። የደጅይጥኑ ሞኝነት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የክርስትና ስሙን አደረገው። ገብረ ሊባኖስ መባሉን ከወላጆቹ፣ ከንስሐ አባቱና ክርስትና ካነሡት ሰው በቀር ማንም አያውቅም ብሎ ነው። ያነሡት ሰው አለቃው መሆናቸውን እንዴት እንደረሳ እስካሁን ይገርመኛል።

አንድ ሰኞ ዝናሽ የምትባል ባሏ የሞተባት የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ማሳዋ በአቶ መንግሥቴ ወንድም ስም ተዛውሮ አገኘችው። መዝገቡ «ያዛወረው፦ ደጅይጥኑ» ይላል። የክርስትና አባቱን ለማስደሰት ነው ተባለ። አቶ መንግሥቴም ዓይናቸውን በጨው አጥበው በስብሰባ መሐል «ልጄ ቢሆንም አልሸፍንለትም» አሉ። ያላባረሩት ማሽኑን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው። ዝናሽ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ረገመችው። ቄሱ አባቱ ያን ቀን ቀና ብለው ሰው ማየት አቃታቸው።

«በል የይለፍ ቃልህን ቀይር» አልኩት።

«አልቀይርም። በስሜ የገባው ሰው ተመልሶ ይምጣ» አለኝ።

ከዚያ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ከርነል ከፍቶ ይጎረጉር ጀመር። ከርነል ማለት ማሽኑ ውስጥ ያለው ዋናው ኃላፊ ነው፤ የትኛውም ፕሮግራም ያለሱ ፈቃድ አንዲት ፋይል አይነካም። በድሮው አሠራር የመዝገቡ ፕሮግራም «የገባው እገሌ ነው» ካለው ዝም ብሎ ያምን ነበር። ደጅይጥኑ ይህን ገለበጠው። አሁን ሰው ማሽኑን በጣት አሻራው ሲከፍት ማንነቱን የሚይዘው ከርነሉ ራሱ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሚከፈት ፕሮግራም ሁሉ ያንን ማንነት ይሸከማል። ሰውየው በሌላ ሰው ስምና የይለፍ ቃል ቢገባ እንኳ የመጀመሪያው አይፋቅም። ፕሮግራሞቹ ስለ ሰው ማንነት ከርነሉን ይጠይቃሉ እንጂ አይነግሩትም።

ማሻሻያውን ያጸደቁት አቶ መንግሥቴ ናቸው። ሳያነቡ ፈረሙ! ሳቄን አፍኜ ልሞት ነበር።

በኅዳር ደጅይጥኑ ፈቃድ ወስዶ ጽጽቃ ወደምትባል ከተማ ሄደ። ሲመለስ መዝገቡን ከፈተና አንዲት መስመር አሳየኝ። የአንድ ሽማግሌ ማሳ ተዛውሯል። «በስም፦ ደጅይጥኑ። ማሽኑን የከፈተው፦ መንግሥቴ።» አትሞ፣ መርማሪዎችንና ዝናሽን አዳራሽ አስጠርቶ፣ አንዱን ቅጂ የአለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠላቸው። አሥር ደቂቃ አልቆየም፤ መጥተው በራችንን ከኋላቸው ዘጉ።

«ልጄ፣ ክርስትና ያነሣሁህ እኔ ነኝ። ይህቺን መስመር አጥፋት።»

«አትጠፋም፣ አቶ መንግሥቴ።» አባቴ ማለቱን ትቷል።

«ራስህ የሠራኸውን እንዴት ማጥፋት ያቅትሃል?»

«ማጥፊያ አልሠራሁለትም፤ ሆን ብዬ ነው። አንድ ቀን እንዲህ መጥተው እንደሚለምኑኝ ዐውቅ ነበር። እኔ ደግሞ ይቅር በል እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እንዳልራራልዎ ፈራሁ።»

አቶ መንግሥቴ ወንበሬ ላይ ዘፍ አሉ። ደጅይጥኑ ወረቀቱን ይዞ መርማሪዎቹና ዝናሽ ወደሚጠብቁበት አዳራሽ ወጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የኔ አንጀት ግን ቅቤ ጠጣ።