ሳይታከሙ «የዳኑት» እማማ የውብዳር

ባለፈው ጥቅምት ሞጣ ላይ ለጤና ባለሙያዎች ስልጠና ተጋብዤ ሄጄ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ እየጠሩ ያከብሩኛል። አስተባባሪዋ አንድ የቆየ ፖስተር በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አወጣችና «ይህ የእንግዳችን ሥራ ነው፤ እስከ ዛሬ እናስተምርበታለን» አለች። በጎን የተነሱ ሴት ፈገግ ብለው ይታያሉ፤ ከሥር «ታክሜ ዳንኩ፤ እናንተም ኑ» ይላል። አዳራሹ አጨበጨበ።

ፖስተሩ ሲሠራ ቢቸና ውስጥ የጤና ትምህርት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ከኮሌጅ ከወጣሁ ዓመት ያልሞላኝ፣ አዋቂ ነኝ ባይ። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ዓይናቸውን የሚፍቃቸውን ሰዎች የሚያክም ቡድን ሞጣ ሊመጣ ነበር። የአገሩ ሴቶች ሽፋሽፍቱን በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ፤ ሳይታከሙ ከቆዩ ይታወራሉ። አለቃችን በሽታን በሪፖርት ብቻ የሚያውቅ፣ «የባህርይ ለውጥ» የምትለዋን ቃል እንደ ውዳሴ ማርያም የሚደግም ሰው ነበር። የዳነች ሴት ፎቶ ያለበት ፖስተር አሠራ አለኝ።

«ገና ማንም አልታከመም እኮ» አልኩት።

«ለፎቶ የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃል እንዴ? ደህና መልክ ያላት ፈልግ።»

እማማ የውብዳርን ቢቸና ገበያ ላይ የባቄላ እሸት ሲሸጡ አገኘኋቸው። ወረንጦው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ፎቶ ከተነሱልኝ ቀድመው የሚታከሙት እሳቸው እንደሆኑ ቃል ገባሁላቸው።

«እውነትህን ነው ልጄ? ግራው ከጠፋ ቆየ። የቀረኝ ይኸው ቀኙ ነው» አሉና እፍኝ እሸት ሰጡኝ። ግራው እንዳይታይ በጎን አነሳኋቸው። ፀሐዩ ዓይናቸውን እየለበለባቸው፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሦስት ጊዜ ፈገግ አሉልኝ። እሸቱን መንገድ ላይ እየፈለፈልኩ በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር።

ኅዳር መግቢያ ላይ እማማ የውብዳር በደብረ ወርቅ በኩል በአይሱዙ ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው ሞጣ ደረሱ። የታካሚዎች መዝጋቢው እሳቸውንም ከጀርባው የተለጠፈውን ፖስተርም አየና ሳቀ።

«እማማ፣ እርስዎማ ታክመዋል፤ ይኸው! የሌላ ሰው ተራ አይሻሙ።»

እማማ የውብዳር ዞር ሲሉ እኔ አምስት እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜአለሁ። አለቃዬ ከሩቅ ለመጡ እንግዶች ያንኑ ፖስተር እያሳየ ነበር።

«ልጄ፣ ንገረው እንጂ» አሉኝ።

አለቃዬ አፈጠጠብኝ። አልታከሙም ብል ውሸታችን እንግዶቹ ፊት ሊወጣ ነው። ሥራዬንም አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።

«ነገ ይመለሱ እማማ» አልኳቸው።

ያ ቀን የቡድኑ የመጨረሻ ቀን መሆኑን አውቅ ነበር። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። በማግስቱ እሳቸው ባዶ ግቢ በር ላይ ሲቆሙ፣ እኔ ቢቸና ገብቼ ከአለቃዬ ጋር ጥብስ እበላ ነበር።

ቡድኑ በሁለተኛው ዓመት ሲመለስ ልወስዳቸው ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያወቁኝ በድምፄ ነው።

«ነገ ብለኸኝ ነበር» አሉ።

አለቃዬን እየናቅሁት ኖሬአለሁ፤ ይገባዋልም። ነገር ግን «ነገ ይመለሱ» ያለው እሱ አልነበረም።

የሞጣዋ አስተባባሪ ለወጣቶቹ ምክር እንድሰጥ ማይክሮፎኑን አቀበለችኝ። ግድግዳው ላይ እማማ የውብዳር ፈገግ እንዳሉ ናቸው። ተነሣሁ፤ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«ዋናው ነገር» አልኩ፣ «የሕዝብን አመኔታ ማግኘት ነው።»

ሁሉም አቀርቅረው ጻፉት።