የአራስ ፊት

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ የታረሰችው ሌሞ፣ እናታችን ቤት ነው። እኛ ዘንድ አራስ በደንብ መታረሷ የሚታወቀው በፊቷ ነው። እናቴ የቡላ ገንፎ በቅቤ እያገነፋች ጠዋትና ማታ ታበላት ነበር። ስለዚህ ፊቷና አንገቷ መሙላት ሲጀምር ሁላችንም ደስ አለን፤ ለእናቴ ደግሞ ክብር ነበር።

“አንቺ፣ ባልሽ ከሆሳዕና ሲመጣ አያውቅሽም! ይቺ ደግሞ የማን ቤት አራስ ናት ብሎ ይመለሳል” አለች አንዷ ጎረቤት። ሴቶቹ ሳቁ። እህቴም ሳቀች፤ ሳቋን ግን ሳል ቆረጠው።

አንድ ጠዋት ሕፃኑን ልታነሳ ጎንበስ ብላ ቶሎ ቀና አለች። “ሳጎነብስ ዓይኔ ሊወጣ ይደርሳል” አለችኝ። ፊቷ ጠዋት ጠዋት ይብስበታል፣ ከሰዓት በኋላ ጎደል ይላል። ስታጠባ ደግሞ ደረቷ ላይ ሰማያዊ ደም ሥሮች ተጠማዝዘው አየሁ። እናቴን ጠየቅኋት።

“የወተት ሥር ነው” አለች። ስድስት ልጅ ያጠባች ሴት ናት፤ አመንኳት።

ጋደም ማለት ሲያቅታት ወደ ከተማ ወሰድናት፤ ከዚያ አዲስ አበባ ተላክን። የእናቴ አማርኛ ከገበያ ስለማያልፍ፣ ሐኪሙ የሚለውን ወደ ሀዲይኛ የምመልስላት እኔ ነበርኩ። ከደረት አጥንቷ ጀርባ እጢ አለ፤ እምብዛም የማይገጥም ዓይነት ነው። ከራስና ከእጅ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ዘግቶ፣ በውስጡ ወርዶ ልቧ ውስጥ ገብቷል። ያበጠችው ደሙ መውረጃ ስላጣ ነው። ይህን ሁሉ መለስኩ።

“ፊቷ ማበጥ ሲጀምር ብታመጧት፣ ልቧ ሳይደርስ ማውጣት ይቻል ነበር” አለ ሐኪሙ ቀጥሎ።

“ምን አለ?” አለች እናቴ።

እህቴ ትራስ ተደግፋ እንደተቀመጠች እጄን ያዘችና ጨመቀችው። አማርኛ ከእኔ ይልቅ እሷ ትችላለች።

“ከባድ ነው አለ” አልኩ።

መድኃኒቱ እብጠቱን ትንሽ አጎደለው፤ እጢውን ግን ማውጣት አልተቻለም። ልጇ መዳህ ሳይጀምር ሞተች።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ እናቴ ከጓሮ ጠራችኝ። “ያን ቀን ሐኪሙ ብዙ ነበር ያወራው” አለች። “አንተ የነገርከኝ ግን አጭር ነው።”

ሕፃኑን ታቅፌ ነበር። ረስቼዋለሁ አልኳት።

“አንተ ልትረሳ?” አለች። ደግማ አልጠየቀችኝም።