ለአባቴ የነገርኩት

ልጅ እያለሁ፣ አምቦ ውስጥ የሚሞት ሰው መሞቱን የሚሰማው ከሁሉም መጨረሻ ነበር። ጎረቤቱ ያውቃል፣ ዕድርተኛው ያውቃል፤ በሽተኛው ብቻ «ምንም አትሆንም» እየተባለ ይሸኛል።

አባቴ ኦቦ ገመቹ የታመመው እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ እሁድ እንኳ ጣቶቹ ጠመኔ ጠመኔ ይሸቱ ነበር። አዲስ አበባ ተመርምሮ ሲመለስ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሐኪሙ ጉበቱ እንዳለቀ ለእናቴ ነግሯታል፤ ለእሱ ግን «ጨጓራ ነው» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ቤታችንን የዳማከሴና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ያዘው። ከቤተክርስቲያን የሚመጡት ሰዎች አልጋውን ከበው ይጸልዩና «ለፋሲካ ትነሳለህ» ይሉታል። በር ላይ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ደግሞ ከንፈራቸውን እየመጠጡ «አይተርፍም» ይባባላሉ። እኔ ደጅ ሱዚ ስዘል ሁሉንም እሰማ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ብቻውን አገኘሁት። ትራሱን እንዳስተካክልለት ጠራኝና፣ «ሌሊሴ፣ ሰው ስለ እኔ ምን ይላል?» አለኝ።

«ይሞታል ይላሉ» አልኩት።

አልተቆጣም። ግድግዳውን ትንሽ አየና በረጅሙ ተነፈሰ። «ገለቶሚ፣ ኢንተለ ኮ» አለኝ፤ አመሰግናለሁ ልጄ ማለቱ ነው። «እኔም መስሎኝ ነበር። የሚነግረኝ አጥቼ ነው።»

«ትፈራለህ?» አልኩት።

«አዎ፣ እፈራለሁ።»

አባት የሚፈራ አይመስለኝም ነበር። አልጋው ላይ ወጥቼ አጠገቡ ተኛሁ።

እናቴ ከገበያ ስትገባ «ልጅቷ ነግራኛለች፤ አንቺም በቃ መደበቁን ተይው» አላት። ዘንቢሏን ጥላ እየጮኸች አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ለወራት ዝም ተባብለው የከረሙ ሰዎች ከዚያ በኋላ ማውራት ጀመሩ። በመሬት የተኳረፈውን ወንድሙን ከወንጪ አስጠርቶ ታረቀ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካሉት ባህር ዛፎች ሥር እንዲቀበር ፈለገ፤ ጸጥ ያለ ቦታ ነው ብሎ። እናቴን «ከፈለግሽ አግቢ» ሲላት በጥፊ ልትለው እጇን አነሳችና መልሳ ፊቷን ሸፈነችበት።

በጥር ሞተ። አሟሟቱ ቀላል አልነበረም፤ ማውራቱ ሕመሙን አልቀነሰለትም። ድንኳን ውስጥ አዳዳ የምንላት እህቱ ጫልቱ ለቀስተኛው ፊት ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «የገደለው የዚህች ልጅ አፍ ነው! ተስፋውን ቆረጠችበት!» ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እናቴ ከፍራሹ ተነስታ መጥታ ከፊቴ ቆመች። «ጫልቱ፣ ሁላችንም ብቻውን ትተነው ነበር። አብራው የነበረችው እሷ ናት» አለቻት። ለዓመታት ግን ጆሮዬ ላይ የቀረው የአክስቴ ድምፅ ነው።

ዛሬ አምቦ በባጃጅ ተሞልታለች፤ እኔም እንደ ትልቅ ሰው መዋሸት ለምጃለሁ። ሕመምተኛ ስጠይቅ «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» እላለሁ። እናቴ አርጅታለች፤ «እኔ ስሞት» ብላ ስትጀምር ወሬ አስቀይራታለሁ። ባለፈው ክረምት ግን ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ሳለ እጇን ያዝኩና «እሺ እማዬ፣ ንገሪኝ» አልኳት።

«ከአባትሽ ጎን እንዳትቀብሩኝ» አለች።

ደነገጥኩ። «ለምን?»

«እዚያ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። እኛ የቀበርነው በበጋ ነው፤ አላወቅንም። ዝናብ በጀመረ ቁጥር እሱን ነው የማስበው።»

ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ይዛው ኖራለች።