ከዝናቡ ጋር የመጣው መዝሙር

በነጻ የሚታደል የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። ስኳር እንኳ በቀበሌ ካርድ በሚሸጥበት በደርግ ጊዜ፣ አንድ ሰው ዓመት ሙሉ ደክሞ የሠራውን ነገር «ውሰዱት፣ ገልብጡት፣ ለፈለጋችሁት ስጡት» ብሎ ይለቃል መባሉ የእብድ ወሬ መሰለኝ። ግን ከውጭ የመጣ አንድ ባለሙያ ትቶልን የሄደው ዲስኬት ውስጥ ይኸው ቃል በግልጽ ተጽፎ ነበር። ፕሮግራሙ ቁጥር ይደምራል፣ አማካይ ያወጣል፣ ግራፍ ይስላል። ናዝሬት አጠገብ በነበረው ትንሽ የእርሻ ጥናት ጣቢያችን ያለችውን አንዲት ኮምፒዩተር የምነካት እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ እየገለበጡ የማደሉ ሥራም እኔው ላይ ወደቀ።

ዲስኬቶቹን በካርቶን አሽጌ በጣቢያው ላንድሮቨር እልካለሁ። መቂ ይደርሳል፤ እዚያ ያለው ሰው ለራሱ ገልብጦ ለዝዋይ ያሳልፈዋል፤ ዝዋይ ለሻሸመኔ። መጨረሻ ላይ ካርቶኑ ወደ እኔ ይመለሳል። ሾፌራችን መጀመሪያ ጊዜ ካርቶኑን ከፊት መስታወቱ ሥር አስቀምጦ በፀሐይ አጣሞ ስላመጣልኝ፣ ከዚያ በኋላ ዲስኬት እንደ እንቁላል ነው ብዬ አስጠነቀቅኩት።

አለቃዬ ደግሞ ሌላ ነገር ያቃጥላቸው ነበር። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ድረስ ዝናብ የሚለካበት ቦታ ሁሉ የለካውን በየካዝናው ቆልፎ ይዞታል። የመቂን ዝናብ ለማወቅ የፈለገ ለበላይ አካል ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ፈቃዱ የሚመጣው ዝናቡ ዘንቦ፣ ሰብሉ በቅሎና ታጭዶ ካበቃ በኋላ ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በትውውቅም በልመናም የሰበሰቡትን እኔ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሳስገባ ከርሜ ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ ቆመው፣

«መረጃ ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፕሮግራም ለመላክስ?» አሉኝ።

«ፕሮግራም የሚከለክል ደንብ የለም ጋሼ። ምን እንደሆነ የሚያውቅም የለ።»

«እንግዲያው ዝናቡን ከፕሮግራሙ ጋር ጨምሪው። መለማመጃ በይው።»

የስምጥ ሸለቆው ዝናብ ግን በአንድ ዲስኬት የሚያልቅ አልነበረም። በየቦታው ቆራርጬ በብዙ ዲስኬት ከፋፈልኩትና፣ ደርሶ ሲከፈት መልሶ የሚያገጣጥመው አጭር ትእዛዝ ጻፍኩ። አንዱ ዲስኬት ቢበላሽ ያንኑ ቁራጭ ብቻ መላክ ይበቃል። በዚህ ብልሃቴ እኮራ ነበር፤ አሁንም እኮራለሁ።

ካርቶኑ ሻሸመኔ እንደደረሰ እዚያ ያለው የሥራ ባልደረባችን ስልክ ደወለ። «የሸለቆው ዝናብ በሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው» እያለ ይጮሃል። ይህን ሰው በአካል ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ናዝሬት ለሥልጠና መጥቶ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የልጆች አባት ነው። ምሳ ላይ ከመብላቴ በፊት ትንሽ ጎንበስ ማለቴን አየ። እሱም ጎንበስ አለና ዳቦውን አቀበለኝ። እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ። ጸሎት ቤታችን ታሽጓል፤ አባቴም ታስሮ የተፈታው ቅርብ ጊዜ ነበር። በመሥሪያ ቤት ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ ከዚያ ምሳ በኋላ ግን እሱ አወቀ።

ከዚያ አገራችን ውስጥ ብቻ የሚፈጠር ስህተት መጣ። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም አይደል? የእኛ ሰዎች ይህን ደንብ ዲስኬት ላይም አዋሉት። መቂ የመስኖ ቦዩን የውሃ ልክ ጨምሮ መለሰ። ዝዋይ የሐይቁን ከፍታ ጨመረ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ የሰው ካርቶን እንዲሁ መመለስ አሳፍሯቸው ነው። አለቃዬ በደስታ ሊያብዱ ደረሱ። እኔም የመጣውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ እገለብጥና በሚቀጥለው ዙር ለሁሉም እልካለሁ። የሻሸመኔው ሰው ይህን አያውቅም። ዲስኬቱ ላይ የጨመረው ነገር ለእኔ ብቻ የሚደርስ መስሎታል።

የጣቢያው የፓርቲ ተጠሪ ኮምፒዩተሯ ምን እንደምትሠራ አይቶ ሪፖርት ሊጽፍ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካኪ የለበሰ፣ ሰላምታ የሚቆጥብ ሰው ነበር፤ ኮሪደር ላይ ድምፁን ስሰማ መንገድ እቀይር ነበር። አለቃዬ ደህና ነገር ሊያሳዩት ፈልገው፣

«በይ የሻሸመኔን ዝናብ ክፈቺለት» አሉኝ።

ከፈትኩ። አረንጓዴ ፊደላት ስክሪኑን ሞሉት። በዝናብ ስም የተቀመጠ ነው እንጂ ቁጥር አንድም የለም። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ቃል አወቅኩት፤ በየቤቱ ተደብቀን በሹክሹክታ የምንዘምረው መዝሙር ነው። ስጦታ ነው። ለእኔ የተላከ ስጦታ ነው፣ እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ሸለቆውን ሁሉ አዳርሼዋለሁ።

ተጠሪው ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ላቲኑ አስቸግሮት እንደ ፊደል ቆጣሪ ይንገዳገዳል። ስክሪኑ ሲሞላ ይቆማል፤ ቀጣዩን ለማየት እኔ ቁልፍ መንካት አለብኝ። የስክሪኑ የመጨረሻ መስመር ላይ ደረሰ፦

«ምድሩ... ቢሰነጠቅ... ሰማዩ ቢዘጋ...»

«ያው ስለ ዝናብ ነው» አሉ አለቃዬ፤ ላባቸው ግን ከግንባራቸው እየወረደ ነበር።

«የአንተ ደጅ ለእኔ አይዘጋም» አለ ተጠሪው።

ይህኛውን አልተንገዳገደም። አንድ ጊዜም አልተደናቀፈም። እኔ ቁልፉን አልነካሁም፤ ስንኙ ገና ስክሪኑ ላይ የለም።

ሳላስበው ዞሬ አየሁት። እሱም አየኝ። የተናገረው ትክክለኛው ቀጣይ ስንኝ መሆኑን ላውቅ የምችለው መዝሙሩን ካወቅኩ ብቻ ነው፤ ይህንንም ፊቴ ነግሮታል። እንደዚያች ደቂቃ ደንግጬ አላውቅም፤ አባቴን ሲወስዱትም እንኳ።

እሱ ቀጥ ብሎ ቆመና «ሌላ ቦታ ሄዷል?» አለ።

«ሁሉም ጋ ሄዷል ጓድ።»

«ይመለስ።»

«አይመለስም። አንዱ ለአንዱ ገልብጦ ሰጥቷል። የፈሰሰ ውሃ ነው።»

«አንቺ ጋ ያለውን አጥፊው» ብሎ ወጣ። አለቃዬ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። እሳቸው የፈሩት ያለፈቃድ ስለተላከው ዝናብ ነበር፤ መዝሙር ይሁን ቀረርቶ አላወቁም።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንደገፋኋቸው አላውቅም። ሻሸመኔ ልደውል ብል ስልኩን የምታገናኘው ሴትዮ ትሰማለች። በሾፌሩ ወረቀት ልላክ ብል ማስረጃ ይሆናል። አንዳንዴ በሰውዬው እናደዳለሁ፤ ምን ነካው፣ ልጆቹን አያስብም? ወዲያው ደግሞ ያቀበለኝ ዳቦ ትዝ ይለኝና አለቅሳለሁ። ላንድሮቨሩ ከዚያ በኩል በመጣ ቁጥር የሻሸመኔው ሰው ታሰረ የሚል ወሬ እጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ብቻዬን ሳለሁ ተጠሪው መጣ። ገብቶ በሩን ዘጋው።

«ሪፖርቱን ጽፌዋለሁ። የመሣሪያ ብልሽት ነው ብያለሁ። ሻሸመኔ የሚል የለበትም» አለ።

መሄድ ሲገባው አልሄደም። የኮምፒዩተሯን የአቧራ መከላከያ ጨርቅ በጣቱ እያጠፈ ሲዘረጋ ቆየ።

«እናቴ ልብስ ስታጥብ ታዜመው ነበር። የመጨረሻውን ክፍል ግን ረስቼዋለሁ። ታውቂው እንደሆነ...»

ወጥመድ ነው አልኩ በሆዴ። አባቴንም መጀመሪያ የጠየቁት እንዲህ በለሰለሰ ቃል ነበር። አላውቅም ብል ማንም አይፈርድብኝም። ግን የሻሸመኔውን ሰው ሊያስይዝ ቢፈልግ የእኔ ቃል አያስፈልገውም ነበር፤ እጁ ላይ የነበረውን ሰው ለቆታል። የዝናብ ቁጥር ጮክ ብዬ ሳነብ በምጠቀምበት ደረቅ ድምፅ፣ ያለ ዜማ፣ ነገርኩት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደገመው። አንድ ቃል ተሳሳተ፤ አረምኩት። እንደገና አለው።

«ዲስኬቱን አጥፍተሽዋል አይደል?» አለኝ ከዚያ።

«አዎ ጓድ።»

ዲስኬቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሁለታችንም እያየነው ነው። አነሳው፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ኮምፒዩተር አልነበረውም።