የወንድሜ ስም በማሲንቆ

ወንድሜ ከአርበኞች ጋር ጫካ ከገባ ወዲህ ኮልፌ ባለው ቤታችን ስሙን የሚያነሳ አልነበረም። እኔም ፍርሃቱ ምግብ ከልክሎኝ ከስቼ ነበር።

የእህቴ ልጅ ክርስትና ዕለት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ መጣ። ለጣሊያን ወሬ ያቀብላል የሚባል፣ ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ጎረቤትም ሳይጠራ መጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። አዝማሪ የቤቱን ልጆች በየስማቸው ያወድሳልና እናቴ እንደ ልማዷ ስማችንን በጆሮው ነገረችው። ሳታስበው የወንድሜንም ጨመረች።

አዝማሪው ስሙን ጮክ ብሎ ዘፈነው።

"እሱ ደግሞ ማነው?" አለ ጎረቤትየው።

አዝማሪው የእናቴን ፊት አየና የዓለም ስም ገና ወዳልወጣለት ሕፃን ዞረ።

"የዛሬው ባለ ድግስ ነዋ፣ ጌታዬ። የማንን ጠላ የሚጠጡ መሰልዎ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጎረቤትየውም ሳቀ። አዝማሪው ያንኑ ስም እየደጋገመ አዜመው፤ እኔ ዓይን አፋሯም ከሴቶቹ ጋር እየተቀበልኩ ጠራሁት። ያን ቀን ጠግቤ በላሁ።

ሕፃኑም በዚያው ስም ቀረ። ሌላ ልናወጣለት አልደፈርንም።