መቋሚያው የደበቀው እግር

አካሉን በሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «ፎቶ አንሺዋ» ነው የሚሏት። ለጥበቃው ኀላፊ እንኳ «አለቃ» የሚል አፍ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ራጅ ስታነሣ የኖረችው የሐይቅ ዳር ከተማዋ የደልጊ ልጅ ዘንድ ሲደርስ ሰርግ ለሰርግ ከሚዞር ካሜራ ያዥ ጋር ይቀላቅላታል። ግድግዳው ላይ «ተገልጋይ ንጉሥ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ነገሥታቱ ከሥሩ ሲሚንቶ ላይ ተኮልኩለው ተራ ይጠብቃሉ። አካሉ ንቀቱን ከቁጥር አታስገባውም። «እናንተ ፊት ታያላችሁ፤ እኔ አጥንት» ብላ ታልፋለች።

አንድ ማለዳ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ከደሴታቸው በጀልባ ተሻግረው መጡ። የቀኝ እግራቸው ቅስት ወድቆ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ወደ ውስጥ ተጋድሞ፣ ማኅሌት መቆም አቅቷቸዋል። ሠላሳ ዓመት አቋቋም ያስተማሩ ሰው ደቀ መዛሙርታቸው ሲያሸበሽቡ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ያያሉ።

«ለኔ ተቀመጥሁ ማለት ሞትሁ ማለት ነው» አሏት።

የጠፍጣፋ እግር ራጅ የሚነሣው ታማሚው ቆሞ ነው፤ ክብደት ካላረፈበት እግር ጉዱን አያወጣም። መሪጌታም ማሽኑ ፊት ቆሙ። መቋሚያቸውን ግን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ እንደ ልማዳቸው ግማሽ ሰውነታቸውን እሱ ላይ ጥለው ነበር። አካሉ አይታለች። የማንንም ከዘራ ተቀብላ ጥግ ብታስደግፍ ቅር አይላትም፤ የመሪጌታን መቋሚያ «ይስጡኝ» ማለት ግን ነውር መስሎ ታያት። እንዲሁ አነሣች።

ወጣቱ የአጥንት ሐኪም ዶክተር ባምላክ ፎቶውን ሲያይ ቅስቱ እንደ ድልድይ ቆሟል። እግሩንም አልጋ ላይ አስተኝቶ ዳስሶታል፤ የተኛ እግር ግን ሁሉም ጻድቅ ነው።

«ቀዶ ጥገና አያስፈልጋቸውም። ጫማ ውስጥ የሚገባ ድጋፍ ይበቃል» ብሎ ፈረመ።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ወረቀት የሚያምን ሰው ነው፤ አገሩ ደግሞ በእንዲህ ያለ አማኝ ተሞልቷል።

መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ እግራቸውን ታጥበው፣ ጫማቸውን ወዳስቀመጡበት በሲሚንቶው ላይ ተራመዱ። አካሉ በመስኮት እርጥቡን ዱካ አየችው። የግራው የሰው ዱካ ነው፤ መሐሉ ጎድሏል። የቀኙ የታንኳ መቅዘፊያ ነው የሚመስለው፤ ሙሉ ጠፍጣፋ። ፊቷ ጋለ።

ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። ስህተቱን በገዛ አፉ የሚናገር ሠራተኛ በዚያ ሆስፒታል ታይቶ አያውቅም፤ ጥፋት ሁሉ የመብራት ኀይል ነው። እሷ ግን የሐኪሙን በር ገፋች።

«ዶክተር፣ ያ ፎቶ ውሸት ነው።»

«ማን አነሣው?»

«እኔ። መቋሚያቸውን መቀበል አፍሬ።»

ባምላክ ሳቅ አለ። «ፎቶ አንሺም ቀዶ ጥገና ማዘዝ ጀመረች?»

«ቀዶ ጥገናውን አንተ እዘዝ። እኔ የማዝዘው አቋቋሙን ነው።»

መሪጌታን የግቢው በር ላይ ደረሰችባቸው። «ይቅር ይበሉኝ፤ መቋሚያውን ይስጡኝና እንደገና ይቁሙልኝ።»

«ያለሱ ቆሜ አላውቅም፣ ልጄ።»

«ለዚህ እኮ ነው ሕመምዎ ያልታየልዎ።»

አዲሱ ፎቶ ሲወጣ ድልድዩ ፈርሷል። ባምላክ አያስፈልግም ያለውን ቀዶ ጥገና በእጁ ጻፈ፤ አጥንቱ የት እንደሚቆረጥ ለማቀድም ሲቲ ስካን አዘዘ። የሕክምና መጽሐፉ የተረከዙን አጥንት ከፊት በኩል ሰንጥቀህ አርዝመው ይላል። ምስሉ ሲመጣ ግን አካሉ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አኖረች።

«በብዙ ሰው ተረከዝ ላይ የላይኛው አጥንት የሚያርፍባቸው መደቦች ሦስት ናቸው፤ በመሐላቸው ክፍተት አለ። የሳቸው ግን የፊተኛውና የመሐለኛው ተጋጥመው አንድ ሆነዋል። ክፍተቱ የታለ?»

ባምላክ ወንበሩን አስጠጋ። መጋዙ መጽሐፉ ባለው ቦታ ቢገባ ኖሮ መገጣጠሚያውን ይሰነጥቀው ነበር። ዕቅዱን ለወጠ፤ ተረከዙን ከኋላ ቆርጦ ወደ ውስጥ ሊያንሸራትተው ወሰነ።

«ይህን የት ተማርሽው?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይ። ተረከዝ እንደ ሰው ፊት ነው፤ የሚመሳሰለው ለማያየው ነው።»

ቀዶ ጥገናው ከተደረገ ከስምንት ወር በኋላ መሪጌታ ለክትትል መጡ። ሳይጠየቁ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ለአካሉ አስረከቡና ማሽኑ ፊት በሁለት እግራቸው ቀጥ አሉ። እሷ ቁልፉን ልትጫን ስትል ግን እግራቸው አልታገሠም፤ ቀስ ብሎ አሸበሸበ። ፎቶው ደበዘዘ፤ ሁለተኛ አነሣች። ሁለተኛው ላይ ቅስቱ ቆሟል።

ባምላክ ሁለቱንም አየና የመጀመሪያውን ገፋ አደረገው። «አካሉ፣ ይህኛው ተበላሽቷል።»

በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። እሷ ግን ፊልሙን ከእጁ ተቀብላ በክብር መሳቢያዋ ውስጥ አኖረችው።

«አልተበላሸም፣ ዶክተር። ማኅሌት ነው።»